በመርፌ ጫፍ የወጣችው ነጥብ

ሊቮርኖ በጣሊያን ምዕራብ ዳርቻ ያለች የወደብ ከተማ ናት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ መርከበኛው፣ ነጋዴው፣ ወታደሩና በሰንሰለት ታስሮ መርከብ የሚቀዝፈው ባሪያ እየተጋፋ ይኖርባት ነበር። ሰው በተጋፋበት ደግሞ እከክ አይጠፋም። የከተማዪቱ ድሆች ለእከክ ብለው ሐኪም ዘንድ አይሄዱም፤ መርፌ ነበራቸው። እናት ልጇን ጉልበቷ ላይ ታስቀምጥና ከጣቶቹ መካከል፣ ከእጁ አንጓ ላይ፣ በመርፌ ጫፍ አንዲት ነጭ ነጥብ ፈልፍላ ታወጣለች። ነጥቧን አንዱ አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ አድርጋ በሌላው ስትጫናት፣ ልክ እንደ ቁንጫ ቀጭ ትላለች። ባሪያዎቹም በታጎሩበት ግቢ እርስ በርሳቸው ይህንኑ ይደራረጉ ነበር።

ይህን ልብ ያለው ጆቫኒ ኮሲሞ ቦኖሞ የሚባል ወጣት ሐኪም ነው። ከመድኃኒት ቀማሚው ከዲያቺንቶ ቼስቶኒ ጋር ሆኖ እከክ የያዘው ሰው ፈለገና አብዝቶ የሚበላህ የት ነው ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ባሳያቸው ቦታ መርፌ ሰደው ያቺን ነጥብ አወጡ፤ ማይክሮስኮፕ ሥር አኖሯት። ኤሊ የምትመስል፣ ጀርባዋ ጎበጥ ያለ፣ እግሯ የሚፈጥን ነፍስ ሆና አገኟት። ቆይተውም እንቁላል ስትጥል አዩ። ቦኖሞ የደረሱበትን ሁሉ ሐምሌ 18 ቀን 1687 ለታወቀው ሊቅ ለፍራንቼስኮ ሬዲ በደብዳቤ ጻፈለት። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደብዳቤው አጭር ቢሆንም የያዘው ነገር ከባድ ነበር። በዘመኑ ሐኪም ዘንድ እከክ የደም መበላሸት ነው፤ መድኃኒቱም ደም ማፍሰስ፣ ሆድ ማጠብ፣ መራራ መጠጣት። ሁለቱ ሰዎች ግን ነገሩ ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ የሚመጣ ነው፣ የምታመጣውም ይህች ተባይ ናት፣ ስለዚህ መታከም ያለበት ቆዳው ነው አሉ። ሌላም ነገር አከሉ። ዳነ የተባለው ሰው ከጥቂት ቀን በኋላ ለምን እንደገና እንደሚያክ ሲያስረዱ፣ ቅባቱ በሕይወት ያሉትን ተባዮች ቢገድልም ጎሬያቸው ውስጥ የተቀበረው እንቁላል ይተርፋል፤ ስለዚህ ማሳከኩ ቢቆምም መቀባቱ ጥቂት ቀን ይቀጥል አሉ። ከ300 ዓመት በኋላ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው ምክር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የሮማው ሊቀ ጳጳስ ሐኪም ላንቺሲ ነገሩን ሲቃወም ቦኖሞ ዝም አለ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መከራከር ለአንድ የወደብ ሐኪም የሚያዋጣ አልነበረም። በ1703 ሪቻርድ ሚድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ደብዳቤውን ለለንደን ሊቃውንት ተርጉሞ አቀረበው፤ ተነበበና ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ሐኪሞቹ ስለ ደም መበላሸት ሲያወሩ፣ እናቶቹ መርፌያቸውን ይዘው ቀጠሉ።

በ1812 በፓሪሱ የቅዱስ ሉዊ ሆስፒታል ጋሌስ የሚባል ሰው የእከክን ተባይ አገኘሁ ብሎ ለመመረቂያ ጽሑፉ ሥዕሏን አቀረበ። ተጨበጨበለት። በድኝ ጭስ የሚያጥን ሳጥን ሠርቶም በእከክ ሕክምና ታወቀ። ችግሩ፣ ሌሎች ተባይዋን ቢፈልጓት ቢፈልጓት አላገኟትም። በኋላ ራስፓይ የሚባል ሳይንቲስት የጋሌስን ሥዕል አይብ ላይ ከምትርመሰመሰው ተባይ ጋር ሲያስተያያት አንድ ሆና አገኛት። ሰውየው ያሳየው ከበሽተኛ ቆዳ የወጣችውን ሳይሆን ከአይብ ላይ የተለቀመችውን ነበር። ከዚህ በኋላ ተባይ የሚባል ነገር የለም የሚለው ወገን በረታ። ስሙ በአዮዲን ውህድ የሚታወቀው ሉጎል ተባይዋን ለሚያሳየኝ ተማሪ 300 ፍራንክ እከፍላለሁ ብሎ እስከ መወራረድ ደረሰ።

ነሐሴ 13 ቀን 1834 ሬኑቺ የሚባል የሕክምና ተማሪ በዚያው ሆስፒታል በሽተኛ ፊት ቆመና መርፌ አነሳ። የኮርሲካ ደሴት ልጅ ነው። በአገሩ ድሆች ሴቶች ተባይዋን እንዴት እንደሚያወጧት ገና በልጅነቱ አይቷል። ሊቃውንቱ የተሳሳቱት ውኃ የቋጠረውን ጉብታ እየበጡ ስለሚፈልጓት ነበር፤ እሷ ግን እዚያ የለችም። ከጉብታው ፈቀቅ ብሎ እንደ ጸጉር የቀጠነች መስመር አለች፤ ተባይዋ የምትገኘው የዚያች መስመር ጫፍ ላይ ነው። ሬኑቺ መርፌውን እዚያ ሰደደና ነጥቧን አወጣት። የሕክምና መጻሕፍት ይህን ቀን የእከክ ተባይ በይፋ የታወቀችበት ቀን ይሉታል። እኔ ግን ሊቃውንቱ ከኮርሲካ ባልቴቶች ትምህርት የተቀበሉበት ቀን ብለው ደስ ይለኛል።

ከአሥር ዓመት በኋላ በ1844 በቪየና ፌርዲናንድ ሄብራ ተባይዋን በገዛ ገላው ላይ አሳድጎ ስለ እከክ የጻፈው ጽሑፍ ክርክሩን ዘጋው። ነገሩ እንዲህ ነው። የመዥገር ዘመድ ናት፤ ስምንት እግር አላት፤ እንስቷ አንድ ሚሊ ሜትር ለሦስት ቢከፈል አንዱን እጅ ያህላለች። የላይኛውን ቆዳ እየፈለፈለች ዋሻ ትሠራለች፤ በዋሻው ውስጥ በቀን ሁለት ሦስት እንቁላል እየጣለች አንድ ወር፣ ቢበዛ ሁለት ወር ትኖራለች። የሚያሳክከው መቆፈሯ አይደለም፤ እሷን፣ እንቁላሏንና ኩሷን ገላችን ሲጠላ ነው። እከክ ይዞት የማያውቅ ሰው ማከክ የሚጀምረው ተባይዋ ከገባችበት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ሳያውቀው ለቤተሰቡ ያድላታል።

መድኃኒቱ ድኝ ነበር። ድኝ ከጥንት ጀምሮ ነበረ፤ ይሸታል፣ ልብስ ያበላሻል፣ ግን ይሠራል። በ1930ዎቹ ዴንማርካዊው ሐኪም ኪስማየር ቤንዚል ቤንዞኤት የተባለውን ፈሳሽ አስተዋወቀ። የእኛ አገር ሰው በደንብ ያውቀዋል፤ ያ በጠርሙስ የሚሰጠው፣ ወተት የሚመስለው፣ አፍንጫ የሚሰረስረውና የተቧጨረ ቆዳ ላይ ሲያርፍ እንደ በርበሬ የሚለበልበው ነው። የጤና ባለሙያዎች ቢቢኤል ይሉታል።

ጠርሙሱ ዝናውን ያገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የእንግሊዝ ጦር በእከክ ተቸገረ፤ የወታደሩን ብርድ ልብስ በገፍ ማጠንና መቀቀል ተያዘ፤ እከኩ ግን አልቀነሰም። በ1941 የነፍሳት ተመራማሪው ኬነዝ ሜላንቢ በሼፊልድ ከተማ አንድ ቪላ ተረክቦ አሥራ ሁለት ፈቃደኞችን አስገባ። እነዚህ ሰዎች ሃይማኖታችን ወይም ሕሊናችን ጦር አያስመዝዘንም ብለው ዘመቻ የቀሩ ነበሩ። ጠመንጃ አንይዝም፤ ሌላ የምንረዳው ነገር ካለ ግን እንርዳ አሉ። የተሰጣቸው ሥራ እከክ መያዝ ነው።

መጀመሪያ እከክ ያሠቃያቸው ወታደሮች ያወለቁትን የውስጥ ልብስ ሳይታጠብ ለበሱት፤ ለቀናትም አላወለቁትም። እነዚያው ወታደሮች ሲያድሩበት የነበረውን ብርድ ልብስ ራቁታቸውን ተጠቅልለው ተኙበት። ሳምንታት አለፉ፤ ማንም አላከከም። ሜላንቢ እጅና እግራቸውን በየቀኑ በማጉያ መነጽር ይመረምራል፤ ምንም የለም። በልብስና በብርድ ልብስ ከተደረጉት 63 ሙከራዎች እከክ ያስያዙት ሁለት ብቻ ነበሩ። ቀጥሎ ፈቃደኞቹ ከታመመ ወታደር ጋር አንድ አልጋ ላይ እንዲያድሩ ተደረገ። ያን ጊዜ ተያዙ። ጦሩ ይህን ሁሉ ብርድ ልብስ በከንቱ ሲቀቅል ኖሯል፤ ተባይዋ የምትተላለፈው ገላ ለገላ ሲነካካ ነበር።

የተያዙትም ወዲያው አልታከሙም። ሜላንቢ የበሽታውን ጠባይ ሊያይ ለወራት ተዋቸው፤ ሌሊቱን ሲያኩ ያነጋሉ፤ እነሱም እሺ ብለው ቆዩ። ከዚህ ሁሉ የተገኘ አንድ ቁጥር አለ፤ ለኋለኛው ታሪክ ያስፈልገናልና አንባቢ ይያዝልኝ። በአንድ በሽተኛ ገላ ላይ ያሉት እንስት ተባዮች ሲቆጠሩ በአማካይ ወደ አሥራ አንድ ብቻ ነበሩ። አሥራ አንድ! ሰውን ሌሊቱን ሙሉ የሚያሳክከው የአሥራ አንድ ነጥቦች ሥራ ነው። ከግማሽ በላዩ ደግሞ እጅና አንጓ ላይ። ከአንገት በታች ያለው ገላ በሙሉ አንድ ጊዜ በቤንዚል ቤንዞኤት በደንብ ከተቀባ አብዛኛው ሰው ይድን ነበር።

ጦርነቱ ሲያልቅ የፀረ ተባይ ኬሚካሎች ዘመን መጣ። እርሻ ላይ የሚረጨው ሊንዴን ከ1948 ጀምሮ ለእከክም ዋለ፤ አይሸትም፣ አያቃጥልም፣ ያሽራል። ለሠላሳ ዓመት የተሻለ የለም ተባለ። መርዝ መርዝ ነውና በነርቭ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፣ በተለይ ሕፃናትን ማንቀጥቀጡ፣ ቆይቶ ታወቀ። በ1980ዎቹ ደግሞ ሌላ ወሬ ይሰማ ጀመር፤ ሊንዴን በአንዳንድ ቦታ አልሠራ አለ።

ከነዚህ ቦታዎች አንዱ በፓናማ ጠረፍ የጉና ሕዝብ የሚኖርባቸው የሳን ብላስ ደሴቶች ናቸው። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ፣ ልጆቹ አንድ ሐማክ (በገመድ የተንጠለጠለ መኝታ) ላይ የሚያድሩ ናቸው። የፍሎሪዳው ተመራማሪ ዴቪድ ታፕሊንና ባልደረቦቹ ሊንዴንን ፐርሜትሪን ከተባለው አዲስ ቅባት ጋር አስተያዩት። ሊንዴን ከተቀቡት ሢሶ ያህሉ ሳይድኑ ሲቀሩ፣ ፐርሜትሪን ከአሥሩ ዘጠኙን አዳነ። ፐርሜትሪን በ1973 በእንግሊዙ የሮታምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የማይክል ኤልየት ቡድን የሠራው ነው፤ የተሠራውም ነፍሳት በሚገድል የአበባ ዱቄት አምሳያ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በተባይዋ ነርቭ ላይ መልእክት ሲያልፍ የሚከፈትና የሚዘጋ በር አለ፤ ፐርሜትሪን በሩ ሲከፈት ሽብልቅ ይሰካበታል። በሩ መዘጋት ያቅተዋል፤ ተባይዋ ተንቀጥቅጣ ትሞታለች።

በአንዲት ደሴት ላይ ሁሉም ሰው፣ ያከከውም ያላከከውም፣ በአንድ ጊዜ ተቀባ። 33 በመቶ የነበረው እከክ ከ1 በመቶ በታች ወረደ። ለሦስት ዓመት ክትትሉ ሲቀጥል እዚያው ቆየ። ከዚያ በታኅሣሥ 1989 የአሜሪካ ጦር ፓናማን ወረረ፤ ቁጥጥሩ ላላ፤ እከኩም ያንሰራራ ጀመር። መድኃኒቱ ጨርሶ ሲቆም 12 በመቶ ደረሰ።

በዚያው በ1989 ፐርሜትሪን ለእከክ በአሜሪካ ተፈቀደ። ሌላው መድኃኒት ከጃፓን እየመጣ ነበር። ተመራማሪው ሳቶሺ ኦሙራ ኢቶ በተባለች ከተማ ከጎልፍ ሜዳ አጠገብ የዘገነው አፈር ውስጥ አንዲት ባክቴሪያ ነበረች፤ ከእሷ ከተገኘው ንጥረ ነገር በአሜሪካው የመርክ ኩባንያ እነ ዊልያም ካምቤል አይቨርሜክቲንን ሠሩ። በ1981 ለከብት ወጣ፤ በ1987 መርክ ለወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት በነፃ እሰጣለሁ አለ። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቁመት መለኪያ ዘንግ አጠገብ ቆሞ መክቲዛን የዋጠ ሁሉ ይህንኑ ነው የዋጠው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ እከክን እንደሚያሽር ታየ። ተባይዋን አደንዝዞ ይገድላታል። ያለው ጉድለት እንቁላሉን አለመንካቱ ነው፤ ስለዚህ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ይዋጣል። መቀባት የለ፣ መሽተት የለ። አሁን ተገላገልን ተባለ።

እንግዲህ ወደ ሰሜን አውስትራሊያ፣ ወደ ዳርዊን እንሂድ። የአገሬው ጥንታዊ ነዋሪዎች በሚኖሩባቸው መንደሮች እከክ ለብዙ ዓመታት ቤተኛ ሆኖ ኖሯል። ከነሱ መካከል ጥቂቶቹን ቅርፊታማ የሚባለው እከክ ይይዛቸዋል። ገላቸው ተባይዋን መመከት ሲያቅተው ቆዳው እንደ ዛፍ ልጥ ይወፍራል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ይረግፋል። የሜላንቢን አሥራ አንድ እናስታውስ፤ እዚህ አንድ ሰው ላይ ያሉት ተባዮች በሺዎች፣ አንዳንዴም በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ከአንሶላው የሚራገፈው ብናኝ ሳይቀር በነሱ የተሞላ ነው።

መድኃኒትን መላመድ ሲባል ተባይዋ የምትማረው ነገር ያለ ይመስለናል። እንዲያ አይደለም። በአሥራ አንድ ተባይ መካከል ከሌሎቹ ለየት ያለች የመገኘቷ ዕድል ትንሽ ነው። በሚሊዮን መካከል ግን አትጠፋም። መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲጨርስ እሷ ትተርፋለች፤ የምትወልደውም እሷን የሚመስለውን ነው። በዚያ ላይ ቅርፊቱ ወፍራም ስለሆነ መድኃኒቱ ከታች ያሉት ዘንድ ሲደርስ ተዳክሟል። የሚገድል ሳይሆን የሚመርጥ ይሆናል። እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም ይባላል፤ ለተባይዋም ያልነሳት ነገር ነበረ።

የዳርዊኖቹ ተመራማሪዎች፣ ሐኪሙ ባርት ከሪና ሼሊ ዋልተን ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ሥራቸው ትዕግሥት የሚጨርስ ነበር። የሰው እከክ ተባይ ከሰው ውጭ ብዙ አትቆይም፤ እንደ ባክቴሪያ በብልቃጥ አትረባም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሙከራ አዲስ በሽተኛ መጠበቅ ያስፈልጋል። በሽተኛው ሲመጣ ከቅርፊቱ ላይ ይፋቃል፤ ፍቅፋቂው ማይክሮስኮፕ ሥር ይዘረጋል፤ ተባዮቹ አንድ በአንድ በመርፌ ይለቀማሉ። መድኃኒት ያለበት ሳህን ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ሰዓት እያዩ መጠበቅ ነው። በየተወሰነ ደቂቃው በመርፌ ነካ ይደረጋሉ፤ እግሯን ያንቀሳቀሰች አለች፣ ያላንቀሳቀሰች ሞታለች ተብሎ ይጻፋል። በ2000 የታተመው ውጤት ለፐርሜትሪን ጥሩ አልነበረም። ከሦስት ሰዓት በኋላ ከመቶው 35ቱ ነፍስ ነበራቸው፤ አድረውም ያልሞቱ ተገኙ። በዚያ ወተት በሚመስለው አሮጌ ፈሳሽ ላይ የተቀመጡት ግን አንድም ሳይተርፉ አልቀዋል።

ይሁንና ያን ጊዜ ተስፋው አይቨርሜክቲን ላይ ነበር። በሆስፒታሉ ቅርፊታማ እከክ እየተመላለሰባቸው የሚታከሙ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ በአራት ዓመት ውስጥ 30 ጊዜ፣ ሌላው በአራት ዓመት ተኩል 58 ጊዜ አይቨርሜክቲን ወስደዋል። በየጊዜው ሻል ብሏቸው ይወጣሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። መጨረሻ ላይ መድኃኒቱን ወስደውም ተባዮቹ አልሞት አሉ። ከነሱ የተለቀሙት ሳህኑ ላይ ሲቀመጡ፣ የሌላው ሰው ተባይ በአንድ ሰዓት ውስጥ በሚሞትበት መድኃኒት ላይ እግራቸውን ማንቀሳቀስ ቀጠሉ። ይህ በ2004 ታተመ፤ የእከክ ተባይ አይቨርሜክቲንን መላመዷ በበሽተኛ ላይም በሳህን ላይም ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነው። ተመራማሪዎቹ ቀደም ብለው ከ1997 ጀምሮ መዝገብ ይዘው ነበርና የኋለኛውን ከፊተኛው ሲያስተያዩት፣ በአካባቢው የተባዮቹ መሞቻ ጊዜ ሁለት እጥፍ ያህል ረዝሟል።

ይህ ሁሉ ሲሆን በቀረው ዓለም ያለው ሐኪም ለማይሻለው በሽተኛ ያለው ጥያቄ አንድ ነበር፤ በደንብ ተቀብተሃል? እውነት ለመናገር ጥያቄው ያለ ምክንያት አይደለም። እከክ የማይድንባቸው ብዙዎቹ ምክንያቶች ተራ ናቸው። የሚያሳክከው ቦታ ብቻ ይቀባል። እጅ ይታጠብና ድጋሚ አይቀባም። የጥፍር ሥር ይረሳል። አባት እኔ አላከከኝም ብሎ ይቀራል፤ ሌሊት ግን ልጁን አቅፎ ይተኛል። ሁለተኛው ዙር ይዘለላል። ግን ጥያቄው ሲደጋገም ወደ ክስ ይለወጣል። ላንቺሲ በሽተኛውን ደምህ ተበላሽቷል ይለው ነበር፤ የኛ ዘመን ሐኪም አልተቀባህም አለው። ሁለቱም መርፌውን አላነሱም።

በ2015 ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። ኦሙራና ካምቤል በአይቨርሜክቲን የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። በዓመቱ መጨረሻም የፊጂ ደሴቶች ውጤት ታተመ፤ ሕዝቡ በሙሉ አይቨርሜክቲን በወሰደባቸው ደሴቶች 32 በመቶ የነበረው እከክ በዓመት ውስጥ ወደ 2 በመቶ ወረደ። ፐርሜትሪን በተሰጠባቸው ከ42 ወደ 16 በመቶ ነው የወረደው። ሕዝብን በጅምላ ማከም የሚለው ሐሳብ በዓለም ዙሪያ የበረታው ከዚህ በኋላ ነው።

በእኛ አገር ያ ዘመን 2008 ዓ.ም. ነበር፤ ኤልኒኞ ያመጣው ድርቅ። በአማራ ክልል ውኃ ጠፋ፤ ሰው ለመጠጥ ያጣውን ውኃ ለገላው ከየት ያመጣል? እከክ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ይመላለስ ጀመር። በክልሉ 68 ወረዳዎች ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው ሲታይ 379,000 ያህሉ እከክ ተገኘበት፤ ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ግማሽ ያህሉ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ነበሩ። አንዳንዱ ወረዳ ላይ ከሦስት ሰው ሁለቱ ያክ ነበር። አይቨርሜክቲን በዘመቻ ታደለ፤ ክኒኑ ለማይፈቀድላቸው ለትንንሽ ልጆችና ለነፍሰ ጡሮች የሚቀባው ተሰጠ። በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ አስገባው።

ዘመቻውን አልነቅፍም፤ ያን ያህል ሕዝብ ሲያክ ሳህንና ሰዓት ይዞ መቀመጥ አይቻልም። ነገር ግን በጅምላ የሚዋጥ መድኃኒት በጅምላ ይመርጣል። ጋና ውስጥ አይቨርሜክቲን ለዓመታት በታደለባቸው አንዳንድ መንደሮች የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት ትሎች ለመድኃኒቱ እንደ ቀድሞው አለመታዘዛቸውን ተመራማሪዎች በ2007 ጽፈዋል። እኛም ያንኑ ክኒን ለሁለት ሥራ እያዋልነው ነው።

ጥፋቱ የአቀባብ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው ማስረጃ በመጨረሻ የመጣው ካልተጠበቀበት አቅጣጫ ነው። ከ2010ዎቹ ወዲህ በአውሮፓ፣ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በጣሊያን፣ እከክ ይበዛ ጀመር። ያውም ውኃ ባልጠፋበት፣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ አልጋ ባለው ቤት። ፐርሜትሪን የተቀቡ ሰዎች እየተመላለሱ መጡ። በመጀመሪያ የተባለው ያው የተለመደው ነው፤ አቀባባቸው ነው። ቀደም ብሎ በ2008 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥንቸል ላይ በሚራባው የውሻ እከክ ተባይ ውስጥ የነርቩን በር የሚለውጥ የዘር ለውጥ አግኝተው ነበር። በ2023 የቪየና ሐኪሞች ከበሽተኞቻቸው የለቀሟቸውን ተባዮች ዘረ መል ሲያዩ የዚያው በር አንድ ቦታ ተለውጦ አገኙት። በሩ ያው በር ነው፤ ግን ሽብልቁ የሚሰካበት ቀዳዳ ቅርጹን ለውጧል።

የሳልዝበርግ ሐኪሞች ደግሞ ክርክሩን በሌላ መንገድ ያዙት። በሽተኞቻቸውን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ፤ ግማሹ ፐርሜትሪን፣ ግማሹ ቤንዚል ቤንዞኤት ለሦስት ቀን ተቀባ። ማን የትኛውን እንደተቀባ በሽተኛውም መርማሪውም አያውቁም። ጥፋቱ የአቀባብ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ወገን እኩል ያጠፋ ነበር። በ2024 የታተመው ውጤት ግን እንዲህ ይላል። ፐርሜትሪን ከተቀቡት የዳኑት 27 በመቶ፣ ቤንዚል ቤንዞኤት ከተቀቡት 87 በመቶ። በዘመናዊው መድኃኒት ፋንታ ያሸነፈው ያ በሼፊልድ ቪላ ውስጥ እነ ሜላንቢ ይቀቡት የነበረው፣ እኛ አገር ድሃ ሲታዘዝለት ይህማ የድሮ ነው እየተባለ የሚናቀው ጠርሙስ ነው። ሲነካ ያቃጥላል፤ ግን የሚገድልበት መንገድ ሌላ ስለሆነ የበሩ መለወጥ ተባይዋን አልጠቀማትም።

ለአይቨርሜክቲን ተተኪ ይሆናል የተባለው ሞክሲዴክቲን ገና እየተሞከረ ነው። የትኛው ተባይ የትኛውን መድኃኒት እንደተላመደ በሽተኛው ፊት ቆሞ የሚናገር መመርመሪያም በየጤና ጣቢያው የለም። ያ እስኪመጣ ድረስ፣ አንድ ሰው ተቀብቶ፣ ቤተሰቡን አስቀብቶ፣ ሁለተኛውን ዙር ጨርሶ ተመልሶ ሲመጣ፣ ከክሱ በፊት መስመሯን ፈልጎ ጫፏ ላይ ማየት ያስፈልጋል። ዳርዊን ላይም ሆነ ቪየና ላይ፣ ዘረ መሏ ከመነበቡ በፊት ተባይዋ ከበሽተኛው ላይ የምትለቀመው ዛሬም በመርፌ ጫፍ ነው።